ከመሳቢያው የወጣው መጽሐፍ



ዘንድሮ በተማሪዎቻችን ዘንድ ከሁሉ አብልጦ የተነበበው የአማርኛ መጽሐፍ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በጆንያ ክር የተሰፋ፣ ከጦርነቱ በፊት በመተማና በገላባት በኩል በእንግዳ ሻንጣ መጥቶ ኡም ጋርጉር የደረሰ «ጀምበር» የሚባል የኮሚክ መጽሐፍ ነው። ለሦስት ሳምንት ግን ማንም አላነበበውም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር ሲነበብ ተይዞ ተወርሶ፣ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ቆየ። የወረስነውም የቆለፍንበትም እኛው ነን።

በሒሳብ ሰዓት ሌላ መጽሐፍ ማንበብ ስሕተት ነው፤ ዛሬም አንፈቅድም። ጥፋታችን ሌላ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መጽሐፉን መመለስ ሲገባን «ይህ የሥዕል ጨዋታ ነው፣ ንባብ አይደለም» ብለን አስቀረነው። ይህ አስተያየታችን ትክክል አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን።

ነገሩን ያስጀመረችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቢሮ መጥታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ከእናንተ ጋር ስንት ቀን ይቆያል? ተራው የኔ ነበር» አለችን። የምን ተራ እንደሆነ ስንጠይቃት ከደብተሯ የተቀደደ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በስም የተሞላ ነው። ከየስሙ ጎን መጽሐፉን የሚወስዱበትና የሚመልሱበት ቀን ተጽፏል። አሳልፎ ላቆየ ሰው ቅጣቱ ሳይቀር ተደንግጓል፤ የአንድ ሳምንት ተራ ያጣል። እኛ በመጻሕፍት ሣጥናችን ላይ ያስቀመጥነው የመዋሻ መዝገብ እንዲህ ተሞልቶ አያውቅም። ልጆቹ ያለ እኛ ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው ነበር። እኛ ደግሞ ዘጋንባቸው።

«ጀምበር» ምን እንደሆነ ለማያውቁ ወላጆች በአጭሩ እንግለጽ። ደራሲው ብስራት ደበበ ሲሆን መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። በዚህ መካከል ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኛል። ከእርሱ በኋላ ሴት ጀግና ያላት «ሃዊ» የምትባል ሌላ ኮሚክ ከዚያው ደራሲ ወጥታለች። ይህች እስካሁን እኛ ዘንድ አልደረሰችም፤ ሴቶች ተማሪዎቻችን ግን ስሟን ሰምተው በየሳምንቱ ይጠይቁናል።

መጽሐፉን ከመሳቢያ አውጥተን ስንመልስ አንድ ነገር ጨመርን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኒሙ ዛፍ ሥር ያነበቡ ሁሉ ተቀምጠው እንዲነጋገሩበት አደረግን። ደንቡ ሦስት ነው። ያላነበበ ያዳምጣል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። «ጥሩ ነው»፣ «መጥፎ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ገጹን ገልጦ ማሳየት ያስፈልጋል። ተራ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ መጨረሻውን መንገር ክልክል ነው። ሦስተኛውን ደንብ ያወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ወሬው ስለ ሥዕሉ ነበር። ብዙዎቹ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘመድ የሚልክላቸውን «ማጂድ» የተባለውን የዓረብኛ የልጆች መጽሔት ያውቃሉ፤ ከአቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ነው። አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ «ጀምበር ይበልጣል፤ ሰዎቹ እኛን ይመስላሉ» አለ። ጓደኛው «መምሰል ብቻውን ምን ያደርጋል? ማጂድ ያስቀኛል» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ አልተቋጨም። እኛ ግን በልባችን ተደነቅን፤ አንድ ሥራ የኛን መልክ ስለያዘ ብቻ ጥሩ ይባላል ወይ የሚለው ጥያቄ አዋቂዎችም ያልጨረሱት ነው።

በሁለተኛው ሐሙስ ጦርነቱ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከተነሣ በኋላ ከቤተሰቧ ጋር ከካርቱም ወደ እኛ የመጣች ልጅ ተናገረች። «እንዲህ ባሉ ታሪኮች ኃይል ያገኘ ሰው ሁሉ ለምን መጀመሪያ ቡጢ ያነሣል? እኛ እኮ ጉልበተኛ ሲመጣ የምናውቀው መሸሽ ነው» አለች። ከዛፉ ሥር ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አንድ ልጅ «የሚመታውም እኮ ለሚሸሹት ብሎ ነው» አላት። «እሺ፣ የፈረሰውን ግድግዳ ማን ይሠራዋል?» አለችው። ሁሉም ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

በሦስተኛው ሐሙስ የተነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «አማኑኤል ተምሮ ሥራ አጣ። ከዚያ ኃይል አገኘ። ኃይል ያላገኘውስ ምን ይሁን?» ሲል ጠየቀ። የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፣ ሥራ ቢያጣ በሊቢያ መንገድ የሄደ ነው። ይህን በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ።

እኛም ስለ ትዕግሥትና ስለ ትጋት የለመድነውን ንግግር አደረግን። ልጆቹ በትሕትና ሰሙን። መልስ እንዳልሰጠን ግን እኛም እነርሱም አውቀናል። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰን እውነቱን ተናገርን። ለስደተኛ ከካምፕ ለመውጣትም ሆነ ለመሥራት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የትምህርት ማስረጃ ብቻውን ሥራ እንደማያስገኝ፣ ይህም የተማሪው ስንፍና እንዳልሆነ ነገርናቸው። ታዲያ ለምን እናስተምራለን? አንብቦ የገባው ሰው የማያውቀውን ውል አይፈርምም፤ ደላላ የሚነግረውን ዋጋና መንገድ ይመዝናል፤ ለታመመች እናቱ የመድኃኒቱን ወረቀት ያነብላታል፤ በር ሲከፈት ደግሞ ሳይዘጋጅ አይገኝም። ይህ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል አይደለም። ነገር ግን ይዘነው ያየነው ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። አምኖን ይሁን አክብሮን አላወቅንም። መጠየቁ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህን ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ ለዓመታት ስናስተምር ማንም አንሥቶብን አያውቅም። መጽሐፉ በመሳቢያችን ቢቀር ኖሮ ጥያቄውም አብሮ ተቆልፎበት በቀረ።

«የሥዕል መጽሐፍ ልጅን ሰነፍ ያደርጋል» የሚሉ መምህራንና ወላጆች አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ወገን ነበርን። የዓረብኛ መምህራችን ግን በዚህ ስቀውብናል። የእርሳቸው ትውልድ ማንበብን የወደደው «አስ‑ሲብያን» በተባለው የልጆች መጽሔት ነው። መጽሔቱን እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመሩት የሱዳን የትምህርት ሰዎች ናቸው። በውስጡ «ዐምክ ታንጎ» የሚባል አስቂኝ ባለታሪክ ነበር፤ ሠዓሊው በዘፋኝነቱ ይበልጥ የሚታወቀው ሸርሐቢል አሕመድ ነው። የምንኖርበት አገር አስተማሪዎች ልጆችን ወደ ንባብ ለመሳብ ኮሚክ አሳተሙ፤ እኛ አስተማሪዎች ደግሞ ኮሚክ ወረስን።

ወደ ኢትዮጵያም ስንመለከት ነገሩ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል በአንድ ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ሥዕሎች ይከፈላል። ከየሥዕሉ ሥር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ተመልካቹ ከላይ ጀምሮ በተራ እየተከተለ ታሪኩን ይጨርሳል። ይህ ከኮሚክ በምን ይለያል? በአንዱ ሥዕል ሰው በር ላይ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ክፍሉ ባዶ ነው። በመካከል የሆነውን ማንም አልጻፈውም፤ አንባቢው ራሱ ማሰብ አለበት። ይህ ሥራ ለሰነፍ የሚሆን አይደለም።

«ልጆቹን ጠበኛ ያደርጋል» የሚለው ስጋትም የቆየ ነው። በአሜሪካ በ1940ዎቹ መጨረሻ ኮሚክ በትምህርት ቤት ግቢ ተከምሮ ተቃጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ወርዛም የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል እንደሚመራ የሚገልጽ መጽሐፍ አወጡ፤ ጉዳዩ እስከ ሴኔት ደረሰ፤ አሳታሚዎቹም በራሳቸው ላይ የሳንሱር ደንብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ካሮል ቲሊ የተባሉ ምሁር የሐኪሙን ሰነዶች መርምረው፣ ማስረጃዎቹ ተለዋውጠውና ተጋንነው መቅረባቸውን አሳይተዋል። በአንጻሩ አርት ስፒግልማን አባታቸው ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፉበትን ታሪክ በኮሚክ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘርን ልዩ ሽልማት አግኝተዋል። ኮሚክ ቡጢ ብቻ ሳይሆን የካምፕን ሕይወትም መሸከም ይችላል።

ይህን ስንል ኮሚክ ሁሉ ለልጅ ይሆናል ማለታችን አይደለም። አንዳንድ እናቶች መጥተው «ልጆቻችን ያዩት ደም ይበቃቸዋል» ብለውናል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ወደ ክበቡ የሚገባውን መጽሐፍ አስቀድመን እናነባለን፤ የማይሆነውን እንመልሳለን። ነገር ግን ልጅን ከመጥፎ መጽሐፍ የሚጠብቀው የእኛ ቁልፍ ብቻ አይደለም። «የፈረሰውን ግድግዳ ማን ይሠራዋል?» ብላ የጠየቀችው ልጅ ከእንግዲህ የትኛውንም መጽሐፍ ዝም ብላ አታነብም። እርሷን የጠበቃት የሐሙሱ ንግግር ነው። ብቻውን ተደብቆ የሚያነብ ልጅ ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ ስንወርስበት የምናደርገውም ይህንኑ ነው፤ ንባቡን አናስቆምም፣ እንዲደበቅ እናደርገዋለን።

ሌላም ጥቅም አይተናል። ካምፓችን እ.ኤ.አ. በ1976 ከተቋቋመ ጀምሮ ልጆቻችን በብዙ ቋንቋዎች መካከል ያድጋሉ፤ በገበያ ዓረብኛ፣ በየቤቱ ትግረ፣ ትግርኛ ወይም አማርኛ። አማርኛ ለገሚሶቹ የቤት ቋንቋ ነው፤ ለገሚሶቹ ከጎረቤት የተለቀመ። ፊደል ቆጥረው ማንበብ የሚከብዳቸው ሥዕሉን ይዘው ቃሉን ይደርሱበታል። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ክፍሎቻችን ግማሽ ሲሆኑ መጽሐፉም ከአንድ ተማሪ ጋር ወደ እርሻ ሄደ። ሲመለስ በገጾቹ መካከል የሰሊጥ ፍሬ ነበረበት። ልጁ በክፍል ጮክ ብሎ ማንበብ የሚፈራ ነበር። በዚያ ሐሙስ ሁለት ገጽ አነበበልን፤ የተሳሳተውን ያረሙትም ጓደኞቹ ናቸው።

እንግዲህ ጥቂት ነገር እንለምናለን።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ኮሚክ ይዞ ስታገኙት ከመንጠቃችሁ በፊት «ምን አነበብህ? የትኛው ሥዕል ደስ አለህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን መጠየቅ ይችላል፤ ሥዕሉ ለሁሉም ግልጽ ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልብስና ጫማ ስትልኩ በመካከሉ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አስገቡ። በአማርኛም ቢሆን በዓረብኛ አንከለክልም። «ሃዊ»ን የሚልክልን ቢገኝ ደግሞ ተራ የሚጠብቁት ስማቸውን ከወዲሁ ጽፈዋል።

ውድ ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ሣሉ። ከእናንተ አንዱ በጀሪካን ውኃ የሚያመላልስ፣ ካሮ የሚነዳ ጀግና መሣል ጀምሮ ሁለት ገጽ አሳይቶናል። ጀግናው እስካሁን ምንም ኃይል የለውም። «ይኑረው ወይስ አይኑረው ገና አልወሰንኩም» ብሎናል። ጊዜ ውሰድ፣ ልጃችን። ስትጨርስ በሚቀጥለው የዓመት መጽሐፍ ቦታ እንይዝልሃለን።

በሒሳብ ሰዓት የሚነበብ ኮሚክ አሁንም ይያዛል። ነገር ግን ደወል ሲደወል ለባለ ተራው ይመለሳል። መሳቢያችን ከእንግዲህ ለኖራና ለማኅተም ብቻ ነው።