በፍጥነት ብቻ የሚመረጥ የስክሪፕት ሞተር

ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት የሚውል የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች የስክሪፕት ሞተር፣ ማለትም ዋናው ፕሮግራም እንደገና ሳይገነባ በተጠቃሚው የሚጻፉ ትእዛዞችን አንብቦ የሚፈጽም ክፍል፣ ለመምረጥ ሲነሡ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያወዳድሩት የስሌት ፍጥነትን ነው። ይህ መለኪያ ለጨዋታ ሠሪ ይጠቅም ይሆናል፤ በከሚሴ ለሚገኝ የዞን ጽሕፈት ቤት ግን ፋይዳው እጅግ አነስተኛ ነው። ከሚሴ በሚገኝበት በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ በመሆኑ፣ የባቲ ወይም የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መዝገብ ሁለቱንም ፊደላት ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል።

በፍጥነቱ የሚወደሰው የስክሪፕት ሞተር ሉዋጂት የተመሠረተበት ቋንቋ፣ ሉዋ 5.1፣ ጽሑፍን የሚቆጥረው በፊደል ሳይሆን በባይት፣ ማለትም በኮምፒውተር የማከማቻ አሃድ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ «ከሚሴ» የሚለው ስም 9 ተብሎ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያዎቹ 4 ይወሰዱ ቢባል ደግሞ «ከ» እና የተቆረጠ የ«ሚ» ስባሪ ይወጣል። ይህን የሚያቃልለው መሣሪያ በሉዋ 5.3 በ2015 እ.ኤ.አ. ቢጨመርም በሉዋጂት ውስጥ አልተካተተም። ተጨማሪ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ማያያዝ ይቻላል የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሠሪው ከሄደ በኋላ ማን እንደሚያድሰው አይናገርም። የሚገርመው፣ ሉዋ በ1993 እ.ኤ.አ. በሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲወለድ ከመነሻዎቹ አንዱ የብራዚሉ የነዳጅ ኩባንያ የፔትሮብራስ መሐንዲሶች፣ የፕሮግራም ሙያተኞች ሳይሆኑ፣ ሥራቸውን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ ማስቻል ነበር።

ሌላው አማራጭ ጃቫስክሪፕት «ከሚሴ»ን 3 ብሎ በትክክል ይቆጥራል፤ ሆኖም «የቃል ፊደል» የሚለው የተለመደ የፍለጋ ምልክቱ ግእዝን አያካትትም። ትልልቆቹ ሞተሮቹ የኢትዮጵያን 13 ወራት ሲያውቁ፣ በትንሽነቱ የሚመረጠው ኩዊክጄኤስ ግን ይህን ስለማያውቅ፣ ከሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት በሩብ ዓመት የሚከፍል ሪፖርት ቀመሩን በእጅ መጻፍ ይጠይቃል።

ከዊንዶውስ ጋር ስለሚመጣ ብቻ ቪቢስክሪፕትን መውሰድም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ማይክሮሶፍት ቋንቋውን ቀስ በቀስ እንደሚያስወግድ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

ስለዚህ ሠሪው የፍጥነት ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣ፣ ሞተሩ በሁለቱም ፊደላት የተጻፈ የስም ዝርዝር ሳያበላሽ ሲያነብ፣ ጳጉሜን ሲያሰላና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ደንቡን ራሱ ሲያስተካክል እስኪታይ ድረስ፣ ጽሕፈት ቤቱ ውሉን መፈረም የለበትም።