«ቱ» ስለምትባለው ትንሽ ቃል

የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ለልጆቻችሁ የምታስነብቡ ወላጆች ሆይ፤ ዛሬ የምንነግራችሁ «ቱ» ስለምትባለው ትንሽ ቃል ነው። ይህች ቃል ከግሥ ፊት ስትቆም እኛ ንኡስ አንቀጽ የምንለውን ታስገኛለች፤ «ቱ ጎ» ማለት «መሄድ» ነውና። በጥንቱ እንግሊዝኛ ወደ አንድ ነገር ማምራትን ታሳይ ስለ ነበረች፥ ዛሬም ብዙ ጊዜ ከእኛ «ለ» ጋራ ትስማማለች።

ነገር ግን ሥራዋ አንድ ብቻ አይደለም። በጋዜጣ ርእስ ላይ «ሚኒስተር ቱ ሪዛይን» ተብሎ ቢጻፍ፥ ሚኒስትሩ ሥራቸውን ሊለቁ ነው ማለት እንጂ ለቀቁ ማለት አይደለም። «ፕላን ቱ ቢልድ» ሲል ስምን ትገልጻለች፤ የመሥራት ዐሳብ ማለት ነው። «ሪፊውዝድ ቱ ፔይ» ሲል ተሳቢ ትሆናለች፤ መክፈልን እንቢ አለ። «ኬም ቱ ሄልፕ» ሲል ምክንያትን ትናገራለች፤ ሊረዳ መጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው «ኦንሊ ቱ» የሚለው ነው። ስለ አንድ ግምጃ ቤት ጠባቂ «ሂ ኸሪድ ሆም ኦንሊ ቱ ሉዝ ዘ ኪይዝ» ተብሎ ቢጻፍ፥ «ቁልፉን ሊያጠፋ ብቻ ወደ ቤቱ ሮጠ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ንጹሑን በደለኛ ያደርገዋል። የቀናው ትርጓሜ «ወደ ቤቱ ፈጥኖ ቢሄድ ቁልፉ ጠፋበት» የሚለው ነው። በዚህ ስፍራ ቃሊቱ የሰውየውን ዐሳብ ሳይሆን የደረሰበትን ነገር ትናገራለችና።

ስለዚህ ልጃችሁ «ቱ»ን ከግሥ ፊት ባገኛት ቁጥር፥ «ገና የሚሆን ነገር ነውን? ታስቦ የተደረገ ነውን? ወይስ ሳይታሰብ የደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን መለየት የለመደ ልጅ፥ አድጎ ጽሕፈት ወይም ዳኝነት ቢሰጠው የሰውን ቃል አያጣምምም።