ሽማግሌ ይለዝብ ለሚሉ

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ድምፁም ሊለዝብ ይገባዋል የሚል አሳብ በአገራችን ሥር ሰዶ ይኖራል። ጎልማሳ ሲጮኽ ጀግና ይባላል፤ ሽማግሌ ሲጮኽ ግን ጃጀ ይባላል። ይኸን ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብዬ አልፌአለሁ። ዳሩ ግን በቅርቡ እዚሁ ላሊበላ ከተማ፥ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን፥ አንድ ወጣት የአቶ ጌታቸው መኩሪያን «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም በስልኩ ከፈተ። የዕድሜ እኩያዬ የሆነ አንድ ወዳጄ ፊቱን አጥቁሮ፥ «የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከፈረንጅ ጎረምሶች ጋራ ምን ያስጮኸዋል? ትዝታውን ቢጫወት አይሻለውም ነበርን?» አለ። ወጣቱም አፍሮ ዘጋው። ይኸን የምጽፈው ለዚያ ወጣት ነው፤ ወዳጄም ቢያነበው አልጠላም።

በመጀመሪያ ነገሩን በትክክል እንወቅ። አቶ ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው በአልበሞቹ ላይ የታተመው እርሱ ስለ ሆነ ነው።) ክራርና መሰንቆ ከለመዱ በኋላ ገና በልጅነታቸው ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ከዐሥር ዓመት በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ያመጡትም አዲስ ነገር፥ ዘማች በጉሮሮው የሚያሰማውን ሽለላ ወስደው በሳክስፎን ማሰማታቸው ነው። ቃል የለበትም፤ ነገር ግን የሽለላው ማጓራት፥ ትንፋሹን ቈርጦ መቆሙ፥ ድንገት መመለሱ ሁሉ አለበት። ፈረንጆች ይኸን ሲሰሙ አሜሪካኖች በ1960ዎቹ ፍሪ ጃዝ ካሉት ጋራ ያመሳስሉታል፤ አቶ ጌታቸው ግን የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ቍጣ ልምጣ። በሆላንድ አገር ከ1979 ጀምሮ የሚጫወት ዘ ኤክስ የተባለ የፓንክ ጓድ አለ። ጊታራቸው ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማውን ዐይነት ድምፅ ይሰጣል፤ ከበሮአቸውን የምትመታውም ሴት ናት። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓላቸውን ሲያከብሩ አቶ ጌታቸውን ጋበዙ። አጨዋወታቸውንም ከሰሙ በኋላ፥ አልበም አብረን እንሥራ ብለው የጠየቁት አቶ ጌታቸው ራሳቸው ናቸው። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ሲወጣ ዕድሜአቸው 71 ነበር። እንግዲህ ሽማግሌውን ጎረምሶች አሳቱት የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል፤ ጎረምሶች የተባሉትም ሩብ ምዕተ ዓመት የዘለቀ ጓድ ነበሩ። ከቀድሞ አልበማቸው ጋራ አስተያይታችሁ ስሙት። በቀድሞው ሳክስፎኑ ብቻውን ከፊት ይሄዳል፥ ሌሎቹ በአክብሮት ይከተሉታል። በኋለኛው ግን ጊታሮቹ ከግራና ከቀኝ ይገፉታል፥ እርሱም አንድ ርምጃ አይሸሽም።

ወጣቶች ይኸን ነገር ከሌላ በኩል ታውቁታላችሁ። ትራሽ ሜታል የሚባለውን ፈጣንና ከባድ ሙዚቃ ከሚጫወቱት መካከል ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካን ጓድ በ1991 ፍጥነቱን ቢቀንስ፥ ብዙ ወዳጆቹ ለዘበ ብለው ወቀሱት። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚያስወቅሰው አለመለዘብ ሆነ።

ጩኸት የፈረንጅ ነው የሚለውን ግን አልታገሠውም። ይኸን የሚል የላሊበላ ሰው ታኅሣሥ 29 ቀን የት ነው የሚውለው? በቤተ ማርያም ካህናቱ ገሚሱ ከዐለቱ ጫፍ ላይ፥ ገሚሱ ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ፥ መጀመሪያ በቀስታ የተነሣው ከበሮ እየፈጠነ ሲሄድ፥ ደረቱ ውስጥ አልተሰማውምን? እኔ ራሴ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። መዝሙር የተማርሁት በሃርሞኒየም ነው። አንድ አስተማሪያችን ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ የመታን እንደ ሆነ ይቈጣን ነበር፤ ሥልጡን ሰው በለሆሳስ ይዘምራል ይለን ነበር። ስለዚህ ጩኸት ከባሕር ማዶ መጣ ሲሉ ስሰማ ያስቀኛል። ለእኔ ዝግታውን ያስተማረኝ ፈረንጁ ነው!

በዚህ ወዳጄን መርታት ቀላል ነው። የከበደኝ ሌላ ክርክር ነው።

በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ መጣ፤ ከተማዪቱም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ያ አልፎ ገና ሳንተነፍስ በ2023 በክልላችን ሌላ ውጊያ ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ሽለላና ፉከራ ያልጫነ ስልክ አልነበረም። አንዲት ጎረቤታችን ከቤቴ የሳክስፎኑን ድምፅ ሰምተው፥ «መምህር፥ እባክዎ፥ ይኸ ድምፅ ልጄን ወስዶብኛል» አሉኝ። ለእኒህ እናት ስለ 1955ና ስለ ፍሪ ጃዝ ምን ይነገራቸዋል?

ለእናንተ ግን የምነግራችሁ አለኝ፤ ለይታችሁ ስሙ። በቀድሞው ሥርዐት የሚሸልል ሰው ራሱ የሚዘምት ሰው ነበረ። የሚፎክረውም በሠራው ነው፤ ያልሠራውን የፎከረ እንደ ሆነ የሚያውቁት ሰዎች በአደባባይ ያሳፍሩት ነበር። ዛሬ ግን በሰላም ከተማ፥ ወይም ባሕር ማዶ ተቀምጦ፥ ቡናውን እየጠጣ፥ የሌላ ሰው ልጅ እንዲሞት ሽለላ የሚለጥፍ ሰው በዝቷል። በማንኛውም ወገን ይቁም፥ እኔ ይኸን ሰው እንቀዋለሁ። ሽለላን ያረከሰ እርሱ ነው እንጂ የድምፁ ክብደት አይደለም።

በአቶ ጌታቸው ሳክስፎን ውስጥ የጠላት ስም አይጠራም፤ ይኸ ወንዝ የእኛ፥ ያ ወንዝ የእነርሱ አይባልም። ትንፋሹ የተጫዋቹ የራሱ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው የ71 ዓመት ደረት ነው። ቍጣና ኀዘን ላለበት ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ለስላሳ ዜማ ብቻ ስጡት ማለት፥ ቍስለኛውን በሽቱ ማከም ነው። ለስላሳ ሁሉ ንጹሕ ነው ያለውስ ማነው? በጣፋጭ ዜማ ተሸኝቶ የዘመተ ስንት አለ።

ወዳጄ የተመኘው ትዝታም ኋላ መጥቶለታል። አቶ ጌታቸው በ77 ዓመታቸው፥ በ2012፥ ከዚያው ከዘ ኤክስ ጋራ «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን አልበም አወጡ፤ በ2016 በሚያዝያ ወር በፈረንጅ አቆጣጠር በ4ኛው ቀን ዐረፉ። ጊታሩን እስከ መጨረሻው ከአጠገባቸው አላራቁትም።

ጎረቤታችን ለቡና ሲመጡ ግን እኔው ራሴ አጠፋዋለሁ። ሙዚቃውን በደለኛ ነው ብዬ አይደለም። ሲሄዱም መልሼ እከፍተዋለሁ፤ ነገር ግን ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው፥ ቤታቸው ከቤቴ ጋራ አንድ ግድግዳ ይጋራልና።