ዘርና ሙያ በጨዋታ ገበታ ላይ

ለጨዋታ የተፈጠረ ዓለምም ቢሆን ዓለም ነው፤ በውስጡ ማን ምን ሆኖ እንደሚወለድ የሚወስን እጅ ኃላፊነት አለበት።

ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ዳይስ እየጣሉ ተረት የሚፈጥሩበት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ ጨዋታ በአሜሪካ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ተጫዋቹ አስቀድሞ ዘሩንና ሙያውን ይመርጣል። በመጀመሪያው እትም ሙያዎቹ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበሩ። ሰው የሆነ ገጸ ባሕርይ የፈለገውን ሙያ ይይዛል፤ ዕድገቱም ወሰን የለውም። ድንኩ ግን ከተዋጊነት በቀር አይፈቀድለትም፤ ከስድስተኛው ደረጃም አያልፍም።

ይህን የመሰለ ጨዋታ በአገራችን ተረትና እምነት ላይ ለመመሥረት የሚነሣ ደራሲ በሙያ በኩል አይቸገርም። አዝማሪ አለ፤ ቅኔና ክታብ የሚያውቅ ደብተራ አለ፤ አዳኝና ሲራራ ነጋዴም አለ። ፈተናው ከዘር ላይ ነው። ቀን ብረት ቀጥቅጦ ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ ሰውን በዓይኑ የሚበላ ቡዳ! ለጨዋታ ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል? ይባል ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ስንፍና ነው፤ ከስንፍናም አልፎ በደል ነው።

በራቤል ዙሪያ ባለው ደጋ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ያገኘው ከቀጥቃጭ፣ ሚስቱም ምጣዷን ያገኘችው ከሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ሆኖም ልጁን ለቀጥቃጭ ልጅ አይድርም ነበር። ሕፃን በታመመበት ቀን ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚያርፈው ማረሻውን በሠራለት ሰው ላይ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ከአገሩ ጨርሶ አልጠፋም። ኤልፍ የማንም ጎረቤት አይደለምና ቢሰደብ የሚያዝን የለም፤ ቡዳ የተባለው ግን ስም ያለው፣ ልጆችም ያሉት ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ይመሰክራል። አዋጁ ቃሉን ከለከለ፤ የጋብቻው በር ግን እንደ ተዘጋ ቆየ።

በአሜሪካው ጨዋታ ድንክ በአንጥረኝነቱ ይሞገሳል፤ የእኛው ቀጥቃጭ ይፈራል። ሙገሳውም ፍርሃቱም የሚነሡት ሙያ ከደም ጋር ይወረሳል ከሚል አንድ ሐሳብ ነው። የጨዋታው አዘጋጆች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው እትም ዘርን ከሙያ የሚያግደውን ደንብ አነሡ፤ በ2024ቱ እትም ደግሞ «ዘር» በሚለው ቃል ፈንታ «ዝርያ» የሚል አገቡ (የቃሉ ለውጥ ብቻውን ብዙ ባያራምድም)።

እንግዲህ ቡዳ የግድ ወደ ጨዋታው ይግባ ከተባለ እንደ ወሬ እንጂ እንደ ዘር አይግባ። ተጫዋቾቹ በአንድ የደጋ መንደር ሲያድሩ ሕፃን ይታመም፤ መንደርተኛው ዱላውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይነሣ፤ ዳይሱም ያን ጊዜ ይጣል። ቀጥቃጭነት ደግሞ ለሁሉ የተከፈተ ሙያ ይሁን፤ የባላባት ልጅም የደብተራ ልጅም ተራውን ጠብቆ ወናፉን ይያዝ።