የመንዝ ብርሃን ሠዓሊ ይፈልጋል
እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔና ጓደኞቹ ፓሪስ ላይ፣ ፎቶ አንሺው ናዳር በለቀቀው ስቱዲዮ የመጀመሪያውን የኢምፕሬሽኒስቶች ዐውደ ርእይ ሲከፍቱ፣ ብዙ ተቺዎች ሥራው አላለቀም ብለው አጣጣሉት። ዛሬ እነዚያን ሥዕሎች የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ይሻሙባቸዋል። እኔ ግን የእነዚያ ሠዓልያን ትምህርት ለሰሜን ሸዋ ደጋ እጅግ ይበጃል ባይ ነኝ። ሞኔ በ1890 እና በ1891 የእህል ክምር ደጋግሞ የሣለው ክምሩ ብርቅ ሆኖበት ሳይሆን፣ ብርሃኑ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ነው። በታኅሣሥ ማለዳ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ የገብስ ክምር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ፀሐይ ያገኘችው ወገን ወርቅ ይመስላል፤ በውርጩ ላይ የተጋደመው ጥላ ግን ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ነው፤ ጥላውን የሚያበራው ሰማዩ ነውና። ረፋድ ላይ ውርጩ ሲቀልጥ ያ ቀለም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለመያዝ ሸራና ቀለም ይዞ ሜዳ ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከፎቶ መገልበጥ አይበቃም። ከአንኮበር ተነሥቶ ለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረውን ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ያፈራው ይኸው ሰሜን ሸዋ ነው። ስለዚህ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በየዓመቱ ወደ ጓሳ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ይላክ። የሣሉትንም ከአዲስ አበባ በፊት መሐል ሜዳና የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ላይ ያሳዩ። ያንን ብርሃን ዕድሜ ልኩን ሲያይ የኖረው ገበሬ የመጀመሪያው ተመልካችም የመጀመሪያው ፈራጅም ሊሆን ይገባዋል።