ቢሾፍቱ አድሮ አዲስ አበባ መዋል

የቤት ኪራይ ነገር በተነሣ ቁጥር በአዲስ አበባ ባለትዳሮች ዘንድ ከሚሰሙት አሳቦች አንዱ «ለምን ቢሾፍቱ አንገባም?» የሚለው ነው። አሳቡ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ከተማይቱ ከዋናው ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 47 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አየሯ ሞቅ ያለ ነው፤ ዛፍ አላት፤ ሐይቅ አላት። እዚህ ለጠባብ ክፍል የሚከፈለው ኪራይ እዚያ ግቢ ያለው ቤት ያስገኛል እየተባለ ይወራል። ባልና ሚስት እሑድ ዕለት ወርደው፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው፣ ዓሣቸውን በልተው፣ ልጆቹ ሲቦርቁ አይተው ሲመለሱ ገና መኪናው ውስጥ ሳሉ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሰኞ ግን ሌላ ቀን ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሰኞ ነው።

ቢሾፍቱ ትናንት የተሠራች የመኝታ ሰፈር አለመሆኗን በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ያለፈው በእርሷ በኩል ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ አየር ኃይል በስዊድናውያን አሠልጣኞች እየተደራጀ እዚያ ሠፈረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐይቁ ዳር የዕረፍት ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ በእርሳቸውም ዘመን ስሟ ደብረ ዘይት ተባለ። የጥንት ስሟ የተመለሰላት ከደርግ በኋላ ነው፤ ሆኖም ዛሬም አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይጠራታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተባት። የእርሻ ምርምር ጣቢያዋም በ1998 ዓ.ም. የወጣውን «ቁንጮ» የተባለውን የጤፍ ዘር ለገበሬው ያበረከተ ነው። የአድኣ ጤፍ ደጃፍ ላይ ስለ በቀለ ግን በርካሽ ይገኛል ብላ የምትገባ እመቤት ካለች፣ ገበያ ወርዳ ዋጋውን ጠይቃ ትመለስ።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። አገሩ የራሱ ሰውና የራሱ ወግ ያለው መሆኑን ለማሳየት ነው። በዕድሜ የገፉ አንዲት የከተማይቱ እናት አጫውተውኛል። ባላቸው የአየር ኃይል ባለሙያ ነበሩ። በዚያ ዘመን የወታደር ሚስት ባሏ ለግዳጅ ሲሄድ ብቻዋን አትቀርም ነበር፤ ጎረቤት ልጁን ያጥባል፣ ጎረቤት ምጣዱን ይጥዳል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ባላቸው ያለ ደመወዝ ቤት ተቀመጡ። እርሳቸው ዶሮ አርብተው፣ እንቁላል ሸጠው አራት ልጆች አሳደጉ። ለመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች መግዣ የሆነው የዕቁብ ገንዘብ ነበር፤ ዕጣው የደረሳት ጎረቤታቸው ተራዋን ለቀቀችላቸው። ዛሬ ስለ አዳዲሶቹ ተከራዮች ሲጠየቁ ወይዘሮዋ በነገር አይወጓቸውም። ብቻ፣ በራቸው ላይ ከቁልፍ በቀር ሰው አይቼ አላውቅም ይላሉ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንዲት እናት ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ ነው እንበል። በሁለት ሰዓት ተኩል ጠረጴዛዋ ላይ ለመገኘት ከቤቷ በ12 ሰዓት መውጣት አለባት። የልጆቹን ምሳ ቋጥራ ለመውጣት ደግሞ በአሥር ሰዓት ተኩል መነሣት ግድ ነው። ማታ በ11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከቤቷ የተለየችው 14 ሰዓት ሙሉ ነው፤ ከዚህም ውስጥ አምስቱ በመንገድ ላይ አለቁ። በአምስት የሥራ ቀን 25 ሰዓት ማለት ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ለመንገድ ተሰጠ ማለት ነው።

«የፍጥነት መንገዱ እያለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ መኪናው ከተነሣ 47ቱን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጊዜውን የሚበሉት ሁለቱ ጫፎች ናቸው። ከቤት እስከ መናኸሪያ ባጃጅ አለ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አለ፤ ቃሊቲ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ የከተማው ወረፋ ይጀምራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ይነሣል፤ ግን እርሱም ተራ አለው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ደግሞ ለሩቅ መንገደኛና ለጭነት የተሠራ እንጂ ጧት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛ የታሰበ አይደለም። የአዲስ አበባው ጣቢያም ራሱ ከከተማው ዳር ነው። እንግዲህ በቀን ስድስት ጊዜ መሳፈር ይመጣል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 132 ጊዜ ኪስ ይፈተሻል። ከኪራዩ የተረፈው ገንዘብ ከዚህ ላይ ተቀንሶ፣ የሠራተኛዋ ደመወዝና ውጭ የሚበላው ምሳ ተቀንሶ ምን ያህል እንደሚቀር ባልና ሚስት በወረቀት ላይ ጽፈው ይዩት። ብዙዎች ይህን የሚያሰሉት ከገቡ በኋላ ነው።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የጡት ልጅ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሐኪሞች ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ምንም አይቅመስ ይላሉ። በመካከል ያለው ሦስት ወር በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ ይህ ለብዙ እናቶች እፎይታ ያመጣ አሳብ ነው። ቢሾፍቱ ለምታድረው እናት ግን ማቆያው ቢኖርም ያው ነው። የአራት ወር ሕፃን በጧት ብርድ አዝላ፣ ሦስት መኪና ቀያይራ፣ 47 ኪሎ ሜትር ልትወስደው ነው?

የማውቃት አንዲት የባንክ ሠራተኛ እንዲህ አጋጥሟታል። ባሏ መምህር ነው። ግቢ ያለው ቤት አግኝተው፣ ደስ ብሏቸው ገቡ። ልጅቷ አራት ወሯ ነበር። እናት ሌሊት ወጥታ ማታ ስትገባ ሁለቱንም ጊዜ የምታገኛት ተኝታ ነው። ወተቷን አልባ ትታ ለመሄድ ሞከረች። የታለበ ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ይህን ነርሷ ነግራታለች። ሥራ ቦታዋ ግን የምታልብበት ጥግ አልነበረውም። ጡቷ ሲያጋት ውላ፣ በሁለት ወር ውስጥ ወተቷ እየቀነሰ ሄዶ ደረቀ። ጡት ልታስጥል የወሰነ ሰው በቤቱ አልነበረም፤ መንገዱ ወሰነላቸው። ባልየው ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱን ሲመርጡ የእርሱ ትምህርት ቤት ከቃሊቲ ወዲያ ቅርብ መሆኑን አስበዋል፤ የእርሷን አላሰቡም። ቆይቶ እርሷ ቢሾፍቱ ወዳለው ቅርንጫፍ እንድትዛወር አመለከተች፤ ከስምንት ወር ጥበቃ በኋላም ተፈቀደላት። አሁን መንገዱን የሚመላለሰው እርሱ ብቻ ነው። ቤቱም ያን ጊዜ ቤት ሆነ።

በእኔ አስተያየት ጥያቄው መቅረብ ያለበት እንዲህ ነው፦ መንገዱን የሚይዘው ማን ነው? የሁለቱም ሥራ አዲስ አበባ ከሆነና በቤት ውስጥ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ፣ አያት ወይም አክስት አብራ ካልገባች በቀር ባይገቡ እመርጣለሁ። አንዱ ሥራ ወደ ቢሾፍቱ መዛወር የሚችል ከሆነ ግን የማን ደመወዝ ይበልጣል ከማለት በፊት ሕፃኑ የሚፈልገው ማንን ነው ይባል። «ሴት ናትና እርሷ ሥራዋን ትልቀቅ» ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው። ኪራዩን ለመቀነስ ተብሎ አንድ ደመወዝ የሚጣልበት ሒሳብ የትኛውም ትምህርት ቤት አልተማርንም።

ሌላው፣ ሰው ብዙ የማያስበው፣ የእድር ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ሰፈር ሲወጡ እድሩ በርቀት ይቀዘቅዛል፤ ወርኃዊ መዋጮ ቢላክ እንኳ በሐዘን ያልተገኘ ሰው ስሙ በመዝገብ ብቻ ይቀራል። አዲሱ ሰፈር ደግሞ ያላየውን ሰው እንዴት ያውቀዋል? በ12 ሰዓት ወጥታ በሁለት ሰዓት የምትገባ ሴት ለቅሶ አትደርስም፤ አራስ አትጠይቅም፤ ቡና አትጠራም፤ አትጠራምም። ልጇ ድንገት ቢያተኩሰው ሠራተኛዋ በየትኛው በር ትሮጣለች? ስለዚህ የገቡ ሰዎች የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ የሰፈሩን እድር መጠየቅ፣ መመዝገቢያውን መክፈል፣ ቅዳሜና እሑድ የሚደረገውን ሁሉ አለመቅረት ይኖርባቸዋል። ባልም ይህን የሚስት ሥራ ነው ብሎ አይተወው፤ ድንኳን የሚተክለው ወንዱ ነው። ከቤታቸው ግራና ቀኝ ላሉት ሁለት ቤቶች ስልክ ቁጥር ይስጡ። ጎረቤት ለልጁ ሁለተኛ እናት የሚሆነው መጀመሪያ ስሙን ሲያውቅ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ስንል ግን አንድ መዘዝ አለ። ቢሾፍቱ ቤት ያለው ሰው ዘመድ ይበዛለታል። አምስቱን ቀን በመንገድ ያለቀች ሴት እሑድ ለዕረፍት ስትዘጋጅ፣ ሐይቅ ሊያይ የመጣ የባል ወንድም ከነቤተሰቡ በር ያንኳኳል። ዶሮ ይታረዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ እርሷ ሳሕን ታጥባለች። እንግዳ መቀበል ወጋችን ነው፤ ሆኖም በወር አንድ እሑድ መባሉ ማንንም አያስቀይምም። ደግሞስ የሐይቁ ዳርቻ አብዛኛው በሆቴልና በመዝናኛ ግቢ የታጠረ ስለ ሆነ፣ ነዋሪዋ ራሷ ሐይቁን ለማየት እንደ እንግዳ መክፈል አለባት። ኢሬቻ በሆራ አርሰዲ በሚከበርበት፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድም ከተማው በሰው ይሞላል፤ መንገዱም ስለሚጨናነቅ የሚያስፈልገውን አስቤዛ ዓርብ ገዝቶ ማስገባት ይበጃል።

ሐይቆቹ ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ለእናት ግን አሳብ ናቸው። አብዛኞቹ የጥንት እሳተ ገሞራ አፎች ናቸው። ዳራቸው ቀስ እያለ የሚጠልቅ ሳይሆን ወዲያው ገደል ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ልጅ ዋና ቢያውቅ እንኳ ያለ ትልቅ ሰው አይውረድ፤ ሠራተኛዋም ይህ ተለይቶ ይነገራት። በብርዱ ወራት የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ሲደባለቅ ዓሣ የሚሞትበት ጊዜ ስላለ፣ ተንሳፎ የተገኘ ዓሣ በርካሽ ቢቀርብም አይገዛም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ይልቅ ወባ ያሠጋታል፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሕፃናት በአጎበር ሥር ይተኙ። ልጅ ባተኮሰው ጊዜ «የአየር ለውጥ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም።

የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ከቤቱ በፊት መጨረስ ይሻላል። ቢሾፍቱ በኦሮሚያ ክልል ስለ ሆነች ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በአማርኛ የሚሰጥባቸውም አሉ። ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በዓመቱ መካከል ተነቅሎ በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ ቢማር ስንፍናው የእርሱ አይደለም። ገና ለጀመረ ልጅ ግን በጨዋታ መካከል ሁለተኛ ቋንቋ ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው፤ ወላጅም አብሮ ቢማር ከጎረቤቱ ጋር ያቀራርበዋል። የተማሪውን ውጤት ማስረጃና ከቀድሞው ወረዳ የሚሰጠውን መሸኛ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አይተው አሁንም ልንገባ ነው ለሚሉ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከመክፈላቸው በፊት አንድ ሙከራ እንመክራለን። እዚያ ዘመድ ካለ ሁለት ሳምንት ይደርባቸው። ሙከራው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ ይሁን። የመጀመሪያውን ሳምንት ሚስት መንገዱን ትመላለስ፤ ሁለተኛውን ሳምንት እርሷ ፈቃድ ወስዳ ትቀመጥና ባል በእርሷ ሰዓት፣ በ12 ሰዓት ወጥቶ እስከ ሜክሲኮ ደርሶ ይመለስ። የልጆቹንም ምሳ እርሱ ቋጥሮ ይውጣ። በሁለተኛው ዓርብ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀቱን አውጥተው ኪራዩን እንደገና ያስሉት።