ለአሮጌው ክላክስ አንድ ዕድል ይሰጠው

ውድ ወላጆቻችን፣ የተከበራችሁ ቄሶቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፤

 የክፍል ጓደኞቻችን በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሠርግ፣ ስለ ምግብና ስለ በዓላት ጽፈዋል። እኛ ግን ስለ አንድ የመኪና ክላክስ ልንጽፍ መርጠናል። «ልጆቹ ቁም ነገር አጡ እንዴ?» ብላችሁ አትሳቁብን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በመካከላችን ብዙ ክርክር ያስነሣ፣ ከዚያም አልፎ ስለ እናንተና ስለ እኛ እንድናስብ ያደረገን ጉዳይ ነው።

መኪናው ሱሲታ ይባላል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በ1984 እና በ1991 ወደዚህ አገር ስትገቡ የሱሲታ ዘመን አልፎ ስለ ነበር በመንገድ ላይ አይታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። ሱሲታ እዚሁ እስራኤል ውስጥ፣ ሐይፋ ከተማ በነበረው የአውቶካርስ ፋብሪካ የተሠራ መኪና ነው። በ1960ዎቹ ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪናው እርሱ ነበር። አካሉ ከቆርቆሮ ሳይሆን ከፋይበርግላስ የተሠራ ነው፤ ስለዚህም «ግመል በላው» እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ከሥር ያለው ሻሲ ግን ብረት ነው። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልን፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በሰፈራችን አንድ አዛውንት ይህን መኪና እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። በአገራችን ሕግ 30 ዓመት የሞላው መኪና የሰብሳቢዎች መኪና ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ቢሆንም በመንገድ ላይ እስከ ሄደ ድረስ ከቴስት አያመልጥም። ቴስቱ ሲቃረብ ክላክሱ ችግር አመጣ። አንድ ቀን ይጮኻል፣ አንድ ቀን እንደ ታመመ ሰው ያስላል፣ አንድ ቀን ጭራሹን ዝም ይላል። እኛም ለመርዳት ብለን ሄድን። ከመካከላችን ሁለቱ «አዲስ ክላክስ ይገዛ፤ በግማሽ ሰዓት ይገጠማል፤ ነገሩ አለቀ» አሉ። የቀረነው «ከመኪናው ጋር የተወለደ ዕቃ ለምን ይጣላል?» አልን። ክርክሩ ጦፈ። አዛውንቱ ግን ዝም ብለው ያዳምጡን ነበር።

በዚህ መካከል የአንዷ ጓደኛችን አባት መጡ። እርሳቸው ጎንደር ሳሉ በጋራዥ ሠርተዋል፤ እዚህ ግን በሌላ ሥራ ነው የሚተዳደሩት። ክርክራችንን ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ለመሆኑ ክላክሱ ራሱ መበላሸቱን በምን አወቃችሁ?» ሁላችንም ዝም አልን። ማናችንም አላወቅንም ነበር። አንዱ ወገን ሊጥለው፣ ሌላው ወገን ሊያድነው ሲሟገት፣ በሽታው ምን እንደ ሆነ የመረመረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን አስረዱን። በክላክሱ ውስጥ ኤሌክትሮማግኔትና ስስ የብረት ሽፋን አሉ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ማግኔቱ ሽፋኑን ወደ ራሱ ይስባል። ሽፋኑ ሲሳብ ደግሞ ፑንቲናውን ያላቅቀዋል፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሽፋኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ፑንቲናው እንደገና ይገናኛል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ጩኸት ብለን የምንሰማው ይህን መርገብገብ ነው። ፑንቲናው ከዛገ ወይም ከተቃጠለ፣ ሽፋኑም ልኩን ከሳተ፣ ድምፁ ይሰለላል።

አባታችን ክላክሱን ከመኪናው ሽቦ ለይተው በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኙት። ጮኸ! ድምፁ ትንሽ የጎረነነ ቢሆንም ሳያቋርጥ ጮኸ። እንግዲያው በሽታው በዋናነት ክላክሱ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነበር። በዚህ መኪና ኤሌክትሪኩ በፊውዝ በኩል ወደ ክላክሱ ይደርሳል፤ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ስንጫን ደግሞ ወደ ሻሲው ተመልሶ ዙሩን ይጨርሳል። በቆርቆሮ መኪና መላው አካል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ፋይበርግላስ ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ ወደ ሻሲው የሚወስደው ሽቦ የግድ መኖርና በደንብ መያዝ አለበት። ያ ሽቦ በብሎን የታሰረበት ቦታ በዝገት ተሸፍኖ አገኘነው። ፊውዙ የሚቀመጥበትም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይዞ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን፣ አጥብቀን መለስነው። ከዚያ አባታችን በክላክሱ ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቪቴ በጣም በጥቂቱ አዞሯት። ጉርናኔው ጠፋ።

አሁን ወደ አስተያየታችን እንመጣለን። እኛ የምንለው፣ አሮጌ መኪና ላይ ያለ ክላክስ ከመለወጡ በፊት ይመርመር፣ ይጠገን ነው። ለዚህም ምክንያት አለን።

አንደኛ፣ ሳይመረምሩ መለወጥ ችግሩን አይፈታም። አዲስ ክላክስ ገዝተን በዚያ በዛገ ሽቦ ላይ ብንገጥመው ኖሮ አዲሱም ዝም ይል ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትሉን ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ሁሉ ለአሮጌ አይስማማም። ኃይለኛ ክላክስ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የአሮጌው መኪና ቀጭን ሽቦና የመሪው ቁልፍ ግን ለዚያ አልተሠሩም። ወፍራም ሽቦና ሪሌይ ካልተጨመረ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። ባለ 6 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት ክላክስ ቢገጠም ደግሞ በደንብ አይጮኽም። ሦስተኛ፣ ድምፅም ቅርስ ነው። ያ መኪና የሚታወቀው በመልኩ ብቻ አይደለም። የዘመናዊ መኪና ድምፅ ከሱሲታ ውስጥ ሲወጣ፣ ሽማግሌ በሕፃን ድምፅ እንደ መናገር ይሆናል።

ይህን ስንል ግን የጓደኞቻችንን ሐሳብ አንንቅም። እነርሱ «ክላክስ ጌጥ አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ ቢገባ ቅርስ አያድነውም» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። አንዴ ጮኾ ሁለተኛ ጊዜ ዝም የሚል ክላክስ ጭራሹን ከሌለ ክላክስ ይብሳል፤ ሹፌሩ ይተማመንበታልና። ስለዚህ ከተከራከርን በኋላ አንድ ድንበር ላይ ተስማማን። ከተጠገነ በኋላ ደጋግመን፣ ሞተሩ ቆሞም ተነሥቶም፣ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተዞሮ እንሞክረዋለን። አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ካለና ምክንያቱን ካላገኘን፣ ወይም ሽፋኑ በዝገት ከተበሳ፣ ወይም በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ከተቃጠለ፣ ያለ ክርክር ይለወጥ። የሚተካው ግን ቮልቱና የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከመኪናው ጋር የሚስማማ ይሁን። አሮጌውም ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፤ ተጠርጎ ከመኪናው ጋር ይቀመጥ። ምናልባት አንድ ቀን የሚያድነው ሙያተኛ ይገኝ ይሆናል።

ውድ ወላጆቻችን፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም ያሳፈረን አንድ ነገር አለ። ጓደኛችን አባቷ መካኒክ እንደ ነበሩ አታውቅም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረው አልነገሯትም፤ እርሷም አልጠየቀችም። እኛም ወደ የቤታችን ስንመለስ ራሳችንን ጠየቅን፤ ስለ አያቶቻችን እጅ ምን እናውቃለን? አያቶቻችን በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ነበሩ በክፍል ተምረናል። ማረሻ ሲደንዝ በእሳት አግለው ቀጥቅጠው እንደገና ያበጁት ነበር እንጂ አይጥሉትም ነበር። በዚህ ሙያቸው ጎረቤት እየተጠቀመ መልሶ ይንቃቸው እንደ ነበረም ሰምተናል። ምናልባት ዝም የምትሉን ለዚህ ይሆን? ወይስ እኛ በዕብራይስጥ እየተጣደፍን፣ እናንተ በአማርኛ ቀስ ብላችሁ ስትጀምሩ ሳናስጨርሳችሁ ስለምንነሣ ይሆን? እኛ ጥፋቱን የራሳችን አድርገን ወስደነዋል።

በዚያ ቀን ክላክስ፣ ፑንቲና፣ ካቻቪቴ የሚሉትን ቃላት ተማርን። ኋላ ስንጠይቅ ክላክስም ካቻቪቴም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት መሆናቸውን ሰማን። ቢሆንም እናንተ ስትጠሯቸው የእናንተ ናቸው፤ እኛም ልንረከባቸው እንፈልጋለን። ስለዚህ ልመናችን ይህ ነው፦ በቤታችሁ የተበላሸ ነገር ሲኖር ብቻችሁን አትጠግኑት፣ እኛንም ጥሩን። «አንተ አታውቅም፣ ተወው» አትበሉን። ባናውቅም መብራቱን እንይዝላችኋለን። ብሎኑን ብናጠፋ ተቆጡን፣ ግን አታባርሩን።

በመጨረሻ፣ ሱሲታው ቴስቱን አለፈ። አዛውንቱ ደስ ብሏቸው በሰፈራችን ሲያልፉ ክላክሱን ረዥም አድርገው ሊያጮኹልን እጃቸውን ወደ መሪው ሰደዱ። እኛ ግን «አባባ፣ ተው! በሕጉ ክላክስ ለአደጋ ብቻ ነው» ብለን ከለከልናቸው። ሳቁና እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላምታ ሰጡን። በሠርግ ቀን መኪናውን ሁሉ እያስጮኻችሁ ለምትሄዱ ዘመዶቻችንም ይህችን ምክር በትሕትና እናስተላልፋለን።